የአርስ ቄስ ዮሐንስ ቪያኔ እና የንስሐ ተስፋ

የኀጢአት ጠባይ ሁለት ነው፤ ሲሠሩት ያደፋፍራል፥ ሊናዘዙት ሲነሡ ግን ያሳፍራል። ስለዚህ ብዙ ሰው በደሉን በልቡ ቀብሮ፥ ከጾመ ነቢያት እስከ ዐቢይ ጾም፥ ከዐቢይ ጾም እስከ ጾመ ፍልሰታ ቀጠሮ እየሰጠ ዘመኑን ይፈጃል። ከንስሐ የሚያስቀረውም ፍርሃት ሁለት ዐይነት ነው። አንዱ ካህኑ ምን ይለኝ ይሆን ማለት ነው፤ ሁለተኛውና የከፋው ግን ለእንደ እኔ ያለው ምሕረት የለውም ብሎ ተስፋ መቍረጥ ነው። አናዛዡም ካህን በበኩሉ ፈተና አለበት። ቢያጠብቅ ነፍስ ደንግጣ ትሸሻለች፤ ቢያላላ ቍስሉ ሳይታጠብ ይሸፈናል።

ይህን ፈተና በዕድሜው ሙሉ ተሸክሞ የኖረ አንድ ካህን በፈረንሳይ አገር ነበረ። ስሙ ዮሐንስ ማርያ ቪያኔ ይባላል፤ በአገሩ ቋንቋ ዣን ማሪ ቪያኔ ይሉታል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳኗ ጋራ የምትቈጥረው፥ በዓለምም ሁሉ የአርስ ቄስ ተብሎ የታወቀው እርሱ ነው። በትምህርተ ሃይማኖት የምንለያይበት ነገር ቢኖርም፥ ንስሐን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ አድርገን የምንቈጥር ሁሉ ከዚህ ሰው ሕይወት የምንማረው አናጣም። ስለዚህ ታሪኩን ለካህናትም ለምእመናንም ባጭሩ እንጽፋለን። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ልደቱና ሕፃንነቱ

ቪያኔ ሊዮን ከተባለችው ታላቅ ከተማ አጠገብ፥ ዳርዲይ በምትባል መንደር፥ በሜይ 8 ቀን 1786 ዓ.ም. ተወለደ። ወላጆቹ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፥ ለድኻና ለመንገደኛ ቤታቸውን የማይዘጉ ገበሬዎች ነበሩ። እርሱም ከስድስት ልጆች አራተኛው ሲሆን፥ በሕፃንነቱ የአባቱን ከብቶች ይጠብቅ ነበር።

ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ፥ በ1789 ዓ.ም. የፈረንሳይ አብዮት ተነሣ። በሚከተለው ዓመት አዲሱ መንግሥት ካህናቱን ከራሱ ሥልጣን በታች የሚያደርግ ሕግ አወጣ፤ ቀጥሎም ካህናቱ ለዚሁ ሕግ እንዲምሉ አዘዘ። ብዙዎቹ አንምልም ስላሉ ከየደብራቸው ተባረሩ፤ ከነርሱም የተሰደደ አለ፥ የታሰረ አለ፥ የተገደለም አለ። አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ ደወሎችም ዝም አሉ። ያልማሉት ካህናት ግን ልብሳቸውን ለውጠው፥ አንዱ አናጢ፥ አንዱ ወጥ ቤት መስለው፥ በየገበሬው ጎተራ በስውር ይቀድሱ ነበር። የቪያኔ ቤተ ሰብም ሌሊት በጨለማ እየተጓዘ ከዚያ ያስቀድስ ነበር።

በ1797 ዓ.ም. ልጁ 11 ዓመት ሲሆነው፥ ከነዚያ ከተሸሸጉት ካህናት አንዱ ወደ ዳርዲይ ወደ ቤታቸው መጣ። ልጆቹን እየባረከ ሳለ፥ ይህ ልጅ ከተናዘዘ ስንት ጊዜ እንደ ሆነው ጠየቀ። ልጁም ከቶ ተናዞ እንደማያውቅ በነገረው ጊዜ ካህኑ ለሌላ ቀን አላሳደረውም፤ እዚያው በቤቱ ውስጥ ከሚቆመው ትልቅ ሰዓት ሥር አንበርክኮ አናዘዘው። ቪያኔ ሸምግሎ እንኳ ያን ሰዓትና ያን ስፍራ አልረሳም፤ ስለ መጀመሪያ ኑዛዜው ሲያነሣ ሁልጊዜ ያስታውሰው ነበር።

አንባብያን ሆይ፥ ይህን ነገር ልብ በሉት። ያ ካህን የአንድ ሕፃን ልጅ ኀጢአት ለመስማት ሕይወቱን ለአደጋ አሳልፎ ሰጥቶ ነበር። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ኀጢአት ምን ያህል ነው? ነገር ግን በዚያች ሰዓት ልጁ ያየው የኀጢአቱን መጠን ሳይሆን የይቅርታውን ዋጋ ነው። ለአንድ ነፍስ ስርየት ሰው ነፍሱን እስከ መስጠት እንደሚደርስ ከመጽሐፍ ሳያነብ በዐይኑ አየ። ከሁለት ዓመት በኋላም፥ በ1799 ዓ.ም. በኤኩሊ መንደር በአንድ ቤት ውስጥ መጀመሪያ በቈረበ ጊዜ፥ የሻማው ብርሃን በውጭ እንዳይታይ ድርቆሽ የተጫነባቸው ጋሪዎች በመስኮቱ ፊት ቆመው ነበር።

ትምህርቱና ክህነቱ

የመከራው ዘመን አልፎ አብያተ ክርስቲያናት ከተከፈቱ በኋላ፥ ወጣቱ ቪያኔ ካህን ለመሆን ተመኘ። ነገር ግን ትምህርት ቤት የገባው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነበርና የላቲን ቋንቋ እንደ ተራራ ከበደው። በ20 ዓመቱ ገደማ የኤኩሊ ደብር አስተዳዳሪ ወደ ነበረው ወደ አባ ባሌይ ሄዶ ከእርሱ ዘንድ ይማር ጀመረ። አባ ባሌይ በስደቱ ዘመን ከተሸሸጉት ካህናት አንዱ የነበረ፥ ጾመኛና ጸሎተኛ፥ የተማረም ሰው ነበር። ደቀ መዝሙሩ ከእርሱ በዕድሜ ከሚያንሱ ልጆች ጋራ ተቀምጦ ሰዋስው ሲያጠና፥ ማታ የያዘው ጧት ይጠፋበት ነበር። ለብዙ ዘመን በቅኔ ቤትና በዜማ ቤት ደጅ የጠና ሰው ይህን ሐዘን ያውቀዋል።

በ1809 ዓ.ም. ደግሞ ለናፖሌዎን ጦር ተመለመለ። በመንገድ ታሞ ሐኪም ቤት ገባና ጓዶቹ ጥለውት ሄዱ፤ በኋላም ሊደርስባቸው ሳይችል ቀርቶ ሌ ኖኤ በምትባል በተራራ መካከል ባለች መንደር ስሙን ለውጦ ተሸሸገ። በዚያም የመንደሩን ልጆች እያስተማረ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጠ። በ1810 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለከዱ ወታደሮች ምሕረት ባወጀ ጊዜ፥ ታናሽ ወንድሙ በእርሱ ፈንታ ለውትድርና ገባና ወደ አገሩ ተመለሰ። እንዲህ አድርጎ ምሕረት ማለት ምን እንደ ሆነ፥ በሰው ፈንታ መቆምም ምን እንደ ሆነ በራሱ ላይ ተማረ።

ከዚህ በኋላ በሊዮን ታላቁ የካህናት ትምህርት ቤት ገባ፤ ነገር ግን ትምህርቱ በላቲን ስለ ነበረ የሚጠየቀውን እንኳ ለመረዳት አቃተው፥ ከዚያም ተሰናበተ። አባ ባሌይ ግን ተስፋ አልቈረጠም። በራሱ ቤት በአገሩ ቋንቋ ካስጠናው በኋላ ለሊቃውንቱ አቀረበው፤ እነርሱም በቋንቋው ሲጠይቁት በቅን ልቡና መለሰላቸው። የሀገረ ስብከቱ ሹም እውቀቱ ከማነሱ ይልቅ የጸሎቱን ብዛት ተመልክቶ ለክህነት እንዲቀርብ ፈቀደለት። ቪያኔ በኦገስት 13 ቀን 1815 ዓ.ም. በ29 ዓመቱ በግሬኖብል ከተማ ቅስና ተቀበለ። ወደ ሢመቱ የሄደው ብቻውን በእግሩ ሲሆን፥ ከዘመዶቹ አንድ ሰው እንኳ አልተከተለውም።

ቅስናውን ቢቀበልም የማናዘዝ ሥልጣን ወዲያው አልተሰጠውም። በካቶሊክ ሥርዐት ካህን ከጳጳሱ ዘንድ ልዩ ፈቃድ ሳይቀበል ማናዘዝ አይችልምና፥ አለቆቹ እውቀቱን ተጠራጥረው ጥቂት ወራት አቈዩት። ፈቃዱ በመጣ ጊዜ ግን ሊናዘዝ በፊቱ መጀመሪያ የተንበረከከው ሰው ማን ነበር? መምህሩ አባ ባሌይ ነበር። ሽማግሌው በወጣቱ እግር ሥር፥ ሊቁ ሰዋስው በጠፋበት ደቀ መዝሙር ፊት ተንበርክኮ ኀጢአቱን ተናገረ። ካህናት አባቶች ሆይ፥ መምህሩ ለደቀ መዝሙሩ ከሰጠው ትምህርት ሁሉ ይህ ሳይበልጥ አይቀርም። ምክንያቱም ቪያኔ በዚያ ቀን አናዛዥ የሆነ ሰው ተናዛዥ መሆኑ እንደማይቀርለት ተረድቷል። አባ ባሌይም በ1817 ዓ.ም. መጨረሻ በደቀ መዝሙሩ እጅ ዐረፈ።

ወደ አርስ መላኩ

በፌብሩዋሪ ወር 1818 ዓ.ም. ቪያኔ አርስ ወደምትባል መንደር ተላከ። አርስ ከሊዮን በስተ ሰሜን የምትገኝ፥ 230 ያህል ነፍስ የሚኖርባት፥ ቤቶቿም በጭቃ የተሠሩ ድኻ መንደር ነበረች። ሲሄድ ጉም ሸፍኖት መንገዱ ጠፋበት፤ አንድ እረኛ ልጅ አግኝቶ መንገዱን ባሳየው ጊዜ፥ ወደ አርስ የሚወስደውን መንገድ ስላሳየኸኝ እኔ ደግሞ ወደ ሰማይ የሚወስደውን አሳይሃለሁ ብሎ እንደ መረቀው በዚያ አገር ሲነገር ይኖራል። ዛሬ በዚያ ስፍራ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሟል።

የአርስ ሕዝብ ከአብዮቱ በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ርቆ ነበር። በእሑድ ቀን እርሻ ይታረሳል፤ መሸታ ቤቱ ይሞላል፤ ማታም ጭፈራ ይቆማል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ባዶ ነው። አዲሱ ቄስ ሌሊት ተነሥቶ በቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ ወድቆ ስለ ሕዝቡ ያለቅስ ነበር። የሚበላውም እምብዛም አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ድንች ቀቅሎ ለብዙ ቀን ያኖረውና ከብዶ ሻጋታ እስኪያወጣ ድረስ ከዚያ ይበላ ነበር። አልጋውን ለድኻ ሰጥቶ በመሬት ተኛ። በ1824 ዓ.ም. ለድኾችና ወላጅ ለሌላቸው ሴቶች ልጆች የትምህርትና የመጠጊያ ቤት ከፈተ። እየቈየም የመሸታ ቤቶቹ ተዘጉ፤ የእሑድ እርሻም ቀረ።

ከጽናት ወደ ምሕረት

ነገር ግን በዚህ ስፍራ እውነቱን መደበቅ አይገባም። ቪያኔ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጣም ጽኑ አናዛዥ ነበር። በዚያ ዘመን በፈረንሳይ ያሉ ካህናት የተማሩት ትምህርት ጥብቅ ነበር፤ ዣንሴኒዝም የተባለው፥ በ17ኛው መቶ ዓመት የተነሣው ክፍል ጥላውን ጥሎበት ነበርና፥ ተናዛዡ ልማዱን ፈጽሞ መተዉ እስኪታወቅ ድረስ ፍትሐቱን ማዘግየት እንደ መልካም ጥበቃ ይቈጠር ነበር። ቪያኔም እንዲሁ አደረገ። ጭፈራ ከሚወዱት ወጣቶች ብዙዎቹን ለወራት፥ አንዳንዶቹንም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ ሳይፈታ አቈያቸው። ፋሲካ ደርሶ ሌላው ሲቈርብ እነርሱ ይቀሩ ነበር። ከነዚያ አንዳንዶቹ ተቈጥተው ወደ ሌላ ደብር ሄዱ።

ይህን ያደረገው በክፋት አይደለም፤ የነፍሳቸው መጥፋት ስላስፈራው ነው። ሆኖም ፍርሃት ብቻውን ነፍስን አያድንም። በሽተኛ ሳይድን ወደ ሐኪም አይምጣ ቢባል፥ መድኀኒቱ ለማን ይሆናል?

ቪያኔን የለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ትምህርት ነው። በኢጣልያ አገር አልፎንሶ ሊጎሪ የተባለ ጳጳስ ነበር፤ በ1787 ዓ.ም. ያረፈ ነው። እርሱም አናዛዥ በመጀመሪያ አባት፥ ቀጥሎ ሐኪም፥ ከዚያም በኋላ ዳኛ መሆን እንዳለበት የሚያሳይ መጽሐፍ ትቶ ነበር። ከ1830ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ይህ ትምህርት በፈረንሳይ ሲስፋፋ፥ የቪያኔ ጳጳስ ዴቪ ተቀበለው፤ ቪያኔም በመካከለኛ ዕድሜው ሳይታክት አጠናው። ትምህርት ከልክሎት ከካህናት ቤት የተሰናበተ ሰው፥ አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ የያዘውን ትምህርት መርምሮ ለመታረም አላፈረም።

ሁለተኛው መምህር ራሱ የተናዛዡ እንባ ነው። በየቀኑ ከሰው ልብ ውስጥ የሚወጣውን ሥቃይ ሲሰማ፥ ሰዎችን ከእግዚአብሔር ያራቃቸው የኀጢአት ፍቅር ብቻ እንዳልሆነ አስተዋለ፤ ይቅር የሚለኝ የለም ብሎ መተው ከዚያ እንደሚከፋ አየ። ስለዚህ ስለ ሲኦል ብዙ ይሰብክ የነበረው፥ በኋለኛው ዘመኑ የሚበዛው ስብከቱ ስለ እግዚአብሔር ፍቅር ሆነ። ምሕረት እንደ ሞላ ወንዝ ናት፥ የሰው ኀጢአትም በፊቷ እንደ አንዲት አሸዋ ነው የሚለውን አሳብ ደጋግሞ ያስተምር ጀመረ።

ይህ ማለት ግን ኀጢአትን አቀለለ ማለት አይደለም። ኀጢአት ኀጢአት መሆኑን አልካደም፤ ሸክሙን ግን ከተናዛዡ ጋራ ተካፈለ። ለከባድ ኀጢአተኛ ቀላል ቀኖና ሲሰጥ አንድ ካህን አይቶ ስለዚህ ነገር በጠየቀው ጊዜ፥ ለተናዛዡ ትንሹን ሰጥቶ የቀረውን በእርሱ ፈንታ ራሱ እንደሚፈጽመው ነገረው። ጾሙ፥ በመሬት መተኛቱ፥ የሌሊት ስግደቱ ሁሉ የማን ዕዳ እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል። ሰው ኀጢአቱን ሲናገር ቪያኔ ያለቅስ ነበር፤ ለምን እንደሚያለቅስ ሲጠየቅም፥ ተናዛዡ ስላላለቀሰ እርሱ እንደሚያለቅስለት መለሰ።

የሕዝቡ መምጣት

ከ1827 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከአጎራባች አውራጃዎች ሰዎች ወደ አርስ ይመጡ ጀመር፤ ከዚያም ከመላ ፈረንሳይና ከባሕር ማዶ ሳይቀር መጡ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ወደ አርስ የሚመጣው ሕዝብ በዓመት ከ80000 እስከ 100000 እንደሚደርስ ተገምቷል። በሊዮን የባቡር ጣቢያ ወደ አርስ ለሚሄዱ ሰዎች ለስምንት ቀን የሚያገለግል ልዩ ትኬት ይሸጥ ነበር፤ ስምንቱ ቀን የተሰጠው ተራ ለመጠበቅ ብዙ ጊዜ ስለሚፈጅ ነው።

የካቶሊክ ኑዛዜ እንዴት እንደሚፈጸም ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንናገር። ካህኑ ከእንጨት በተሠራ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ ተናዛዡ በጎን ተንበርክኮ በተሠነጣጠቀ መከለያ በኩል ይናገራል። ከተናዛዡ ሦስት ነገር ይፈለጋል፤ ከልብ መጸጸት፥ ኀጢአትን በቃል መናገር፥ የታዘዘውን ቀኖና መፈጸም ናቸው። ካህኑም በጌታ በተሰጠው ሥልጣን ይፈታዋል። የሰማውንም ለማንም፥ በምንም ምክንያት ሊገልጥ አይችልም፤ ይህ በውግዘት የታሰረ ነው። በአገራችን ሥርዐት እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ገብቶ ወጥቶ የሚያውቀው የንስሐ አባት አለው፤ በዚያ አገር ግን ሰው ወደማያውቀው ካህንም ሄዶ መናዘዝ ይችላል። ስለዚህም በገዛ መንደሩ ያፈረ ሰው ብዙ ቀን ተጕዞ በአርስ ይናዘዝ ነበር።

ቪያኔ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተነሥቶ፥ ፋኖስ ይዞ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተኝተው በሚጠብቁት ሰዎች መካከል ያልፍና ወደ ኑዛዜው ክፍል ይገባል። በበጋ በቀን 16 ሰዓት ያህል፥ በብርድ ጊዜ ከ11 እስከ 12 ሰዓት በዚያች ክፍል ይቀመጥ ነበር። በክረምቱ እግሩ በብርድ ይደነዝዛል፤ በበጋው ደግሞ ሙቀቱና የሕዝቡ ትንፋሽ ያሠቃየዋል። ከዚያ የሚወጣው ለቅዳሴ፥ በ5 ሰዓት ቀትር ሲቃረብ ትምህርተ ሃይማኖት ለማስተማር፥ በሽተኛም ለመጠየቅ ብቻ ነው። በ1845 ዓ.ም. በመላ ፈረንሳይ በስብከቱ የታወቀው ላኮርዴር እንኳ መጥቶ ከሕዝቡ መካከል ተቀምጦ ትምህርቱን ሰማ። ላቲን ያቃተው ሰው የሊቃውንት አስተማሪ ሆነ።

ባሏ ከድልድይ ላይ ራሱን ወደ ወንዝ ጥሎ የሞተባት አንዲት ሴት ወደ አርስ እንደ መጣች ይነገራል። የባሏ ነፍስ ጠፍታለች ብላ በጽኑ ሐዘን ትኖር ነበር። ቪያኔ ሳትነግረው በአጠገቧ ሲያልፍ፥ ከድልድዩ አፋፍ እስከ ውኃው ባለችው ቅጽበት ባሏ የሚጸጸትበት ጊዜ እንዳገኘ ነገራት፤ ተስፋዋም ተመለሰላት። ይህ ታሪክ የሚነገረው ራስን ማጥፋት ቀላል ነው ለማለት አይደለም፤ የእግዚአብሔር ምሕረት የሚገባባት ጠባብ ቀዳዳ ምን ያህል ጠባብ ልትሆን እንደምትችል፥ ሰውም በሞተ ሰው ላይ የፍርድን በር እንዳይዘጋ ለማስተማር ነው።

የራሱ ፍርሃት

ይህን ሁሉ ተስፋ ለሌላው ያደለ ሰው ለራሱ ግን ተስፋው ጥቂት ነበረ። ይህ የሕይወቱ ምሥጢር ነው። ገና ዝናው ሲጀምር አንዳንድ አጎራባች ካህናት ቀንተውበት፥ መሃይም ነውና ማናዘዝ አይገባውም የሚል ደብዳቤ ይጽፉበት ነበር። እርሱም አልተቈጣም፤ ነገሩ እውነት ነው አለ። ለጳጳሱ የተጻፈ የክስ ደብዳቤ በእጁ በገባ ጊዜም ራሱ ፈርሞበት እንደ ላከው የታሪኩ ጸሓፊዎች ይናገራሉ።

ሥራው እንደማይገባው፥ ስለ ብዙ ነፍሳትም እንደሚጠየቅ አስቦ ይፈራ ነበር። ስለዚህም ወደ ገዳም ገብቶ በብቸኝነት ስለ ኀጢአቱ ሊያለቅስ ፈለገ። በ1840 ዓ.ም. ሌሊት ብቻውን ከአርስ ወጥቶ ጥቂት ከሄደ በኋላ፥ ይህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነውን ብሎ ራሱን ጠይቆ ተመለሰ። በ1843 ዓ.ም. ለሞት ካደረሰው ሕመም ከተነሣ በኋላ ወደ ትውልድ መንደሩ ወደ ዳርዲይ ሸሸ፤ ተናዛዦች ግን እስከዚያ ተከተሉት፥ ከጥቂት ቀንም በኋላ ወደ አርስ ተመለሰ። በ1853 ዓ.ም. ሦስተኛ ጊዜ ሌሊት ሊወጣ ሲል፥ የመንደሩ ሰዎች ደወል ደውለው መንገዱን ዘጉበት። ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባና ከተናዛዦቹ መካከል ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ ከአርስ አልወጣም።

ወንድሞቼ ካህናት ሆይ፥ ይህን ሽሽት እንደ ድካም ብቻ አንየው። አናዛዡ ራሱን ጻድቅ አድርጎ ቢቀመጥ ተናዛዡ ፊቱን አይቶ ይሸሻል። ቪያኔ ግን የሚቀመጠው ምሕረት እንደሚያስፈልገው ሰው ነበርና፥ ኀጢአተኛው በመከለያው በስተ ጀርባ የተቀመጠው ዳኛ ብቻ እንዳልሆነ፥ ከእርሱ ጋራ በአንድ ደጅ የሚለምን ወንድም ጭምር መሆኑን ያውቅ ነበር። የሸሸው ከፍርሃት የተነሣ ነው፤ የተመለሰው ግን ከራሱ ነፍስ ዕረፍት የሌሎችን ነፍስ ድኅነት ስላስቀደመ ነው።

ክብርም አላታለለውም። በ1852 ዓ.ም. ጳጳሱ የክብር ካባ ባለበሰው ጊዜ፥ ወዲያው ሸጦ ዋጋውን ለምጽዋት አደረገው። በ1855 ዓ.ም. ከመንግሥት የተሰጠውን ኒሻንም አላጠለቀውም።

ዕረፍቱ

በ1859 ዓ.ም. በጁላይ ወር መጨረሻ ሙቀቱ እጅግ በርትቶ ነበር። ቪያኔ 73 ዓመት ሆኖታል፤ ሰውነቱም አጥንት ብቻ ቀርቷል። በጁላይ 29 ቀን እንደ ልማዱ ሲያናዝዝ ውሎ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ኀይሉ አለቀ። ሌሊት ሊነሣ ሲሞክር ወደቀ፤ ፍጻሜው እንደ ደረሰም ዐወቀ። ከዚያ በኋላ የጠየቀው የንስሐ አባቱን ነው፤ እርሱም በአቅራቢያው ያለችው የጃሳን ደብር ቄስ ነበር። ያ ቄስ ለብዙ ዓመታት ሲያናዝዘው የኖረ ሰው ነው።

እንግዲህ ለመቶ ሺሕ ሰው የፈታች እጅ ራሷን መፍታት አልቻለችም። በየቀኑ ሦስት መቶ ሰው የሚናዘዝበት ሽማግሌ፥ በዳርዲይ ከሰዓቱ ሥር እንደ ተንበረከከው የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኖ ኀጢአቱን ለሌላ ካህን ተናገረ። ሥጋ ወደሙን ከተቀበለ በኋላ፥ በዘመኑ ሁሉ ሲፈራት የኖረችው ሞት በመጣች ጊዜ ፍርሃቱ ተለየው፤ በፍጹም ሰላም ሆኖ በኦገስት 4 ቀን 1859 ዓ.ም. ከሌሊቱ በ8 ሰዓት ዐረፈ። በአርስ የተቀመጠው 41 ዓመት ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1925 ዓ.ም. ቅዱስ ብላ ዐወጀችው፤ በ1929 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም ላሉ የደብር ካህናት ሁሉ ጠባቂ አድርጋ ሰየመችው። ዐፅሙም እስከ ዛሬ በአርስ አለ፤ ሕዝቡም ይጐበኘዋል።

ከዚህ ሰው ሕይወት ምን እንይዛለን? ምእመናን ሆይ፥ ኀጢአታችሁ ከእግዚአብሔር ምሕረት ይበልጣል ብላችሁ አታስቡ፤ ይህ ትሕትና ይመስላል እንጂ ትሕትና አይደለም፥ ምሕረትን መስፈር ነውና። አባቱን ጥሎ ሩቅ አገር የሄደው ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ አባቱ ንግግሩን ሳያስጨርሰው አንገቱን አቅፎ እንደ ሳመው በወንጌል ተጽፏል። ለመናዘዝ ጊዜ እስኪመች አትጠብቁ። ያ የተሸሸገው ካህን የሚመች ጊዜ ቢጠብቅ ኖሮ፥ ያ ልጅ ከሰዓቱ ሥር ባልተንበረከከ ነበር።

ካህናት አባቶች ሆይ፥ በልጆቻችን ጫንቃ ላይ የምንጭነውን ቀኖና እኛ በጣታችን እንኳ እንነካዋለንን? አጥብቀን ስናስር አብረን እንጾማለንን? ስንፈታስ አብረን እናለቅሳለንን? የንስሐ ልጆቻችንን በዓመት በዓል ጠበል ጠዲቅ ለመቅመስ ብቻ ሳይሆን ቍስላቸውን ለማጠብ እንጐበኛቸዋለንን? ከሁሉም አስቀድሞ እኛ ራሳችን የምንናዘዝለት አባት አለንን? ሊቅ ቢሆን፥ መምህር ቢሆን፥ አለቃም ቢሆን ራሱን በራሱ የሚፈታ ካህን የለም። አባ ባሌይ በደቀ መዝሙሩ ፊት መንበርከክን ያልናቀው፥ ቪያኔም በሞቱ ሰዓት ስለ ንስሐ አባቱ የጠየቀው ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ቸሩ አምላካችን ለሚናዘዙት ድፍረትን፥ ለሚያናዝዙት ርኅራኄን፥ ለሁላችንም የንስሐ ዘመንን ያድለን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።